ቢጫዋ መብራት ምን አይታ ነው የበራችው?

ከደሴ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ነው። ውርጌሳ በዚሁ መንገድ ላይ፣ ከውጫሌ አልፎ መርሳ ሳይደረስ የምትገኝ የሀብሩ ወረዳ ከተማ ናት። እዚህ ቦታ ላይ የሞተር ቅርጽ ያላት ቢጫ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ቦግ ያለችበት ሹፌር ምርጫው ጠባብ ነው፦ ወደ ፊት ወልድያ፣ ወደ ኋላ ደሴ፣ ወይም ዳር ይዞ መቆም። ብዙው ሹፌር የሚያደርገው ግን ሌላ ነው፤ እያየ እንዳላየ ይነዳል። መብራቷን በፕላስተር ሸፍኖ የሚገላገልም አይጠፋም።

የሚገርመው፣ እንዳላየ መንዳቱ አንዳንዴ ያን ያህል ጉዳት የለውም። አንዳንዴ ደግሞ ብዙ ገንዘብ ያስከፍላል። ልዩነቱን ለማወቅ መብራቷ ለምን እንደተሠራች መረዳት ይበጃል።

ቼክ ኢንጂን የምትባለው ይህች መብራት መጀመሪያውኑ የመጣችው ለሹፌሩ ታስቦ ሳይሆን ለአየሩ ታስቦ ነው። የሎስ አንጀለስ ጭስ ያስመረራት ካሊፎርኒያ፣ ከ1988 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ መኪኖች የራሳቸውን ጉድለት የሚከታተሉበት ሥርዓት እንዲኖራቸው አስገደደች። ከ1996 ሞዴል ጀምሮ መላው አሜሪካ ኦቢዲ-2 የተባለውን አንድ ወጥ ሥርዓት ያዘ፤ አውሮፓም በ2001 በቤንዚን መኪኖች ላይ ተከተለ። ስለዚህ መብራቷ በዋናነት የምትጠብቀው ጭሱን ነው። መኪናው ምንም ሳይጎድለው ሽምጥ እየጋለበ የምትበራው፣ ዘይት አልቆ ሞተሩ አደጋ ላይ ሲወድቅ ደግሞ ዝም ልትል የምትችለው ለዚህ ነው። ዘይትና ሙቀት የየራሳቸው ቀይ መብራት አላቸው። ቀይ ሲበራ ማመንታት የለም፤ ቆሞ ሞተር ማጥፋት ነው።

ሥርዓቱ የሚሠራው እንዲህ ነው። አንድ ግራም ቤንዚን በትክክል እንዲቃጠል 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። የሞተሩ ኮምፒውተር የሚገባውን አየር ለክቶ ቤንዚኑን ይመጥናል፣ ከዚያ ጭስ ማውጫው ላይ የተተከለው የኦክስጅን ሰንሰር ውጤቱን ይነግረዋል። ከወልድያ በድልብ ዳገት ወደ ጋሸና የሚወጣውን የቻይና መንገድ ያስቡ። ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ሲጠጋ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የድሮው ካርቡራቶር ይህን ስለማያውቅ ቤንዚኑን እንደለመደው ያፈስሰዋል፣ መኪናውም ጥቁር ጭስ እየተፋ ይንፏቀቃል። ኮምፒውተሩ ግን መጠኑን ዝቅ ያደርጋል። እናም መብራቷ ዳገት ላይ ብትበራ ጥፋቱን በከፍታው ላይ ማላከክ አያዋጣም፤ ዳገቱ የቆየን ድካም አጋልጦ ይሆናል።

ድካሙ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተራ ነገር ነው፦ ያረጀ ካንዴላ፣ የደከመ ኮይል፣ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ አቧራ የደፈነው ፊልትሮ፣ አይጥ የበላው ሽቦ። ነዳጅ ሲጠፋ በየመንገዱ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠው ቤንዚንም ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ነው። ውኃ ወይም ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ከሆነ ሞተሩ ይንገጫገጫል፣ ኮምፒውተሩም ይመዘግበዋል።

ሁሉም መኪና ግን ይህ ጠባቂ የለውም። በዚህ መስመር የኖሩት የድሮዎቹ ቶዮታ ሃይሶች፣ 3ኤልና 5ኤል ሞተር ያላቸው፣ ናፍጣቸውን የሚረጩት በሜካኒካል ፖምፓ ነው። ሲታመሙ የሚናገሩት በድምፅና በጭስ ስለሆነ ጆሮው የሠለጠነ መካኒክ ይበቃቸዋል። ዲ-ፎር-ዲ የሚባሉት ተከታዮቻቸው ግን በኮምፒውተር የሚታዘዙ ናቸው።

አሁን ውርጌሳ ላይ የቆመው ሹፌር ምን ያድርግ? መብራቷን ትክ ብሎ ይያት። ሳትርገበገብ ከበራች፣ ሞተሩም እንደወትሮው ከሠራ፣ ቀይ መብራትም ከሌለ፣ ረጋ ብሎ ወልድያ ወይም ደሴ ገብቶ ማስመርመር ይችላል። ብልጭ ድርግም ካለች ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንዱ ሲሊንደር ሳያቃጥል የሚለቀው ቤንዚን ጭስ ማውጫው ውስጥ ካለው ጭስ አጣሪ፣ ከካታሊስቱ ደርሶ እዚያ ይነዳል፤ ካታሊስቱም እስከ መቅለጥ ይደርሳል። ካታሊስት ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የሚገባበት ዕቃ ነው፤ ዋጋውን መገመት አያስቸግርም። እንዲህ ሲሆን እግርን ከነዳጅ ማንሳትና ደልዳላ ቦታ ፈልጎ መቆም ያዋጣል።

ጋራዥ ሲደረስ መካኒኩ ከመሪው ሥር ያለችውን ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት ፈልጎ ስካነሩን ይሰካል። የሚወጣው ኮድ ነው። ፒ0301 ካለ የመጀመሪያው ሲሊንደር እየሳተ ነው ማለት ነው፣ ፒ0171 ካለ አየሩ ከቤንዚኑ በዝቷል፣ ፒ0420 ካለ ካታሊስቱ በቅጡ አያጣራም። ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚፈሰው እዚህ ጋ ነው። ኮዱ ምልክቱን እንጂ የሚቀየረውን ዕቃ አይነግርም። ፒ0171 ባየ ቁጥር «የኦክስጅን ሰንሰር ቀይር» የሚል ባለሙያ፣ የተሰነጠቀች የጎማ ቱቦ ሳያይ ደንበኛውን ያራቁታል። ጎበዙ ምን ያደርጋል? ፒ0301 ሲያገኝ የአንደኛውን ሲሊንደር ኮይል ነቅሎ ከሦስተኛው ጋር ያቀያይራል። ኮዱን አጥፍቶ መኪናውን ይነዳና እንደገና ያነባል። ኮዱ ፒ0303 ሆኖ ከመጣ በሽተኛው ኮይሉ ነው። እዚያው ከቀረ ወደ ካንዴላውና ወደ ኢንጀክተሩ ይዞራል። ለዚህ ሙከራ አንድም ዕቃ አልተገዛም።

ብዙዎቹ ጉድለቶች በሁለት ተከታታይ ጉዞ ካልተደገሙ መብራቷን አያበሯትም፤ ጉድለቱ በሦስት ተከታታይ ጉዞ ካልታየ ደግሞ ራሷ ትጠፋለች። በስካነር ማጥፋት ግን ጥገና አይደለም። በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ያሉ ኢትዮጵያውያን ሹፌሮች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። መብራቷ በርታ የጭስ ምርመራ የሄደ መኪና ይወድቃል፤ ጠዋት አጥፍቶ ከሰዓት የሄደም ኮምፒውተሩ ራሱን ፈትሾ ስላልጨረሰ ተመለስ ይባላል።

እኛ ዘንድ ጉዳዩ የሚከፋው በግዢ ላይ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ የሚሸጠው የቤንዚን መኪና በአብዛኛው እዚሁ ሲነዳ የቆየ ነው። ሊገዙ የሄዱ እንደሆነ ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ብቻ ያዙሩት። ቢጫዋ መብራት ልትበራ ይገባል፣ ሞተሩ ሲነሳም መጥፋት አለባት። ቁልፉ ሲዞር ጭራሽ ካልበራች አምፖሏ ተቃጥሏል ወይም ሰው ነቅሏታል፤ ስካነር ሳያሰኩ ቀብድ አይስጡ።