የሚታየው ሥራው ነው፤ ሰውዬው አይደለም

«ግምገማ» የሚለው ቃል ሲነሣ ብዙዎቻችን ቅር ይለናል። ትዝ የሚለን ሰው መሐል ቆሞ ጉድለቱ አንድ በአንድ ሲቆጠርበት ነውና። ለማስተማር ልምምድ የወጣ እጩ መምህርም ከኋላ የተቀመጠው ታዛቢ ብዕሩን ባነሣ ቁጥር ልቡ ድንግጥ ይላል። በዚህ ጽሑፍ የምናየው ግን ሌላ ዓይነት ግምገማ ነው። ይኸውም አንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊ የላከውን ጥቂት መስመር ሌላው አንብቦ «ይግባ» ወይም «ይስተካከል» የሚልበት አሠራር ነው። ለእኛም ሙያ የሚበጅ ቁም ነገር ስላለው እስከ መጨረሻው እንድታነቡት እንጋብዛለን።

ነገሩ ምንድን ነው?

ኦፕን ሶርስ የሚባለው ምንጩ ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። የተጻፈበት ኮድ አይደበቅም። የፈለገ ያነበዋል፣ ይቀዳዋል፣ ያሻሽለዋል፤ ያሻሻለውንም መልሶ ለፕሮግራሙ ጠባቂዎች ይልካል። የትእዛዝ መስመር መሣሪያ የሚባለው ደግሞ ሥዕልና የሚጫን ምልክት የሌለው፣ ስሙን በፊደል ጽፈን የምናዘው፣ መልሱንም በጽሑፍ የሚሰጠን ትንሽ ፕሮግራም ነው። ለምሳሌ ደብሊው ሲ የተባለው መሣሪያ የአንድን ጽሑፍ የመስመር፣ የቃልና የባይት ብዛት ይቆጥራል። እ.ኤ.አ. በ1971 ከመጀመሪያው ዩኒክስ ጋር የወጣ ቢሆንም ዛሬም በሥራ ላይ ነው።

ከውጭ የሚላከው ማሻሻያ ብዙ ጊዜ ፓች ይባላል፤ መጣፊያ እንደ ማለት ነው። የዶርዜ ሸማኔ ክር ቢበጠስበት ያንኑ ክር ይቀጥላል እንጂ ሸማውን ከመጀመሪያው አይሠራም። ፓችም እንደዚሁ ነው። የሚወጣው መስመር ፊት የመቀነስ ምልክት፣ የሚገባው መስመር ፊት የመደመር ምልክት ተደርጎበት ይቀርባል። ገምጋሚው የሚያየው ይህንኑ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ

እንደ ደብሊው ሲ ያለች አንዲት ቃል ቆጣሪ አለች እንበል። ቃልን ከቃል የምትለየው በባዶ ቦታ ብቻ ነው። እንግዲህ በጥንቱ አጻጻፍ «ጨንቻ፡ቀዝቃዛ፡ናት።» ብለን ብንሰጣት መልሷ 1 ይሆናል። ሁለት ነጥብ ቃል እንደሚለይ አታውቅማ! ይህን የታዘበች አንዲት እጩ መምህርት ሁለት ነጥብም እንደ ቃል መለያ እንዲቆጠር የሚያደርግ የሦስት መስመር ፓች ላከች። ገምጋሚዋ ብንሆን ምን እናደርጋለን?

አንደኛ፣ ከኮዱ በፊት መግለጫውን እናነባለን። ምን ችግር ገጠማት? ምን እንዲሆን ፈለገች? ይህን ሳናውቅ ኮዱን ብናነብ፣ ጥያቄውን ሳያይ የፈተና መልስ እንደሚያርም መምህር መሆናችን ነው።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱን መስመር በዝግታ እናያለን። በዓይን ብቻ የማይያዝ ስሕተት አለና። የእኛ ሁለት ነጥብና የላቲኑ ኮሎን በመልክ መንትያ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ፈጽሞ የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። በዩኒኮድ ሠንጠረዥ የእኛው መለያ 1361 ሲሆን የላቲኑ 003ኤ ነው። ልጅቱ በጣቷ የቀረባትን የላቲኑን ተጭና ከሆነ የግዕዙ ጽሑፍ እንደ ቀድሞው 1 ይሆናል፤ ይባስ ብሎም «3:30» ተብሎ የተጻፈ ሰዓት ሁለት ቃል ሆኖ ይቆጠራል።

ሦስተኛ፣ አንብበን ብቻ አንተውም፤ እንሞክረዋለን። የሚጽፈው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለምና «ጨንቻ ፡ ቀዝቃዛ ፡ ናት።» ብሎ በግራም በቀኝም ክፍተት የሚተውም አለ። የቀድሞዋ ቆጣሪ ሁለት ነጥቦቹንም እንደ ቃል ቆጥራ 5 ትላለች። አዲሱ ፓች መለያዎቹን ቆጥሮ አንድ የሚደምር ከሆነ 7 ይላል፤ በመለያዎቹ መካከል ያለውን ባዶ ነገር ቃል ያደርገዋልና። ትክክለኛው መልስ 3 ነው። አራት ነጥብን በሁለት ሁለት ነጥብ የሚጽፍም ሞልቷል፤ «ናት፡፡» ሲመጣ ምን ይላል? አንዳች ያልተጻፈበት ባዶ ፋይል ቢሰጠውስ? በመጨረሻም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሰጥተን መልሱ ከፓቹ በፊት እንደነበረው መሆኑን እናረጋግጣለን። አዲሱን ሲጠግኑ የነበረውን ማበላሸት የተለመደ ነውና።

አራተኛ፣ ማን ተረሳ ብለን እንጠይቃለን። ዋናው የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትም ነው። ለጋሞ፣ ለጎፋና ለዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ የሚያገለግሉ 32 ፊደላት ግን የገቡት እ.ኤ.አ. በ2010 በ6.0 እትም ሲሆን፣ የተቀመጡትም ከዋናዎቹ ርቀው በሌላ የሠንጠረዡ ክፍል ነው። ስለዚህ አንድ ሰው መንገድ ለማሳጠር «ቃል ማለት በዋናው ክፍል ባሉት ፊደላት የተጻፈ ነው» ብሎ ኮድ ቢጽፍ አማርኛው በትክክል ይቆጠራል፤ በእነዚያ ፊደላት የተጻፈ የጋሞኛ ቃል ግን መሐሉ ላይ ይቆረጣል። ይህን ለማየት ትልቅ ፕሮግራም አዋቂ መሆን አያስፈልግም። ጨንቻ ተቀምጦ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው በሩቅ አገር ያለው ሊቅ የማያየውን ያያል። አሠራሩ ለሁሉ ክፍት የመሆኑ ጥቅም አንዱ ይኸው ነው።

አስተያየቱ እንዴት ይጻፍ?

«ይኼ ምኑም አይረባ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ የሚያስተካክለው ነገር ግን የለም። «ጎበዝ፣ በርቺ» ብሎ ማለፍም ያው ነው። የሚጠቅመው እንዲህ ያለው ነው፦ «በሁለት ነጥቡ ግራና ቀኝ ክፍተት ትቼ ስሞክረው 7 አለኝ፤ የጠበቅሁት 3 ነበር። ባዶውን ሳይቆጥር እንዲዘለው ማድረግ ይቻል ይሆን?» እዚህ ላይ የተሞከረው አለ፣ የተገኘው አለ፣ የሚጠበቀውም አለ። ስለ ልጅቱ ግን አንድም ቃል የለም። ጉዳይ በዱቡሻ ላይ በአደባባይ እንደሚታይ ሁሉ ይህም አስተያየት በሁሉ ፊት የሚጻፍ ስለሆነ፣ ነገ የሚመጣው ጀማሪም ያነበዋል፤ ይማርበታልም።

ግዴታውን ከምርጫው መለየትም ያሻል። መልሱን የሚያሳስት ነገር ሳይስተካከል አይገባም። የአሰያየም ምርጫ ግን «እኔ ብሆን እንዲህ እለው ነበር» ተብሎ ይታለፋል። ሌላ ጉድለት ቢታየንም፣ ለምሳሌ ብቻውን የቆመ አራት ነጥብ እንደ ቃል መቆጠሩ፣ በሌላ ፓች ይምጣ እንላለን። ሦስት መስመር ይዛ የመጣችውን ሰው ሠላሳ መስመር ብንጭንባት ተመልሳ አትመጣም።

ዝና ሲያሳስት

ሥራው እንጂ ሰውዬው አይታይ ማለት እንግዳን አለመናቅ ብቻ አይደለም፤ ወዳጅንም ሳያዩ አለማሳለፍ ነው። ይህን የሚያስረዳ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። ኤክስ ዜድ የሚባል ፋይል ማመቂያ የትእዛዝ መስመር መሣሪያ በዓለም ላይ ባሉ እጅግ ብዙ የሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ይገኛል። ለዓመታት ሥራውን በዋናነት የተሸከመው አንድ በጎ ፈቃደኛ ነበር። ጂያ ታን በሚል ስም የሚጠራ አንድ ሰው እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ደህና ደህና ማሻሻያ እየላከ እምነት አተረፈ። ጠባቂው ደክሞት ሳለ ደግሞ ሌሎች ስሞች «ሥራው ተጓተተ፣ ሰው ጨምር» እያሉ ይወተውቱት ነበር። በመጨረሻ ያ ሰው ራሱ ከጠባቂዎቹ አንዱ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በወጡት በ5.6.0 እና በ5.6.1 እትሞች ውስጥ የሌባ በር ተቀበረ፤ ሰርቨሮችን ከሩቅ ለመቆጣጠር የሚያስችል ነበር። የተደበቀውም ማንም በማያነበው ቦታ፣ ለመፈተኛ የተቀመጡ በሚመስሉ ፋይሎች ውስጥ ነው። የያዘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ነው። ከሩቅ ኮምፒዩተር ጋር ለመገናኘት የሚወስደው ጊዜ በግማሽ ሴኮንድ ያህል መጨመሩ አላምር አለውና ምክንያቱን እስከ ሥሩ ተከታትሎ እ.ኤ.አ. መጋቢት 29 ቀን 2024 ለዓለም አሳወቀ። እትሞቹ በሰፊው ከመሠራጨታቸው በፊት ስለተደረሰበት ብዙ ጥፋት ቀረ።

ከዚህ የምንማረው ሰውን ሁሉ መጠርጠርን አይደለም። የመቶኛውም ፓች እንደ መጀመሪያው መነበብ እንዳለበት ነው። ደግሞም የሚያነበው አንድ የደከመ ሰው ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ ፕሮግራሙን በነፃ እየተጠቀምን ለማገዝ ያልመጣነው ሁላችን ድርሻ አለን።

ወደ ክፍላችን ስንመለስ

በሚቀጥለው ሳምንት ጓደኛችሁ ልምምድ ሲያስተምር ከኋላ ስትቀመጡ ይህን ሞክሩ። «ድምፁ ደካማ ነው፣ ፈሪ ነው» ብላችሁ አትጻፉ። «ሁለተኛውን ጥያቄ ጠይቀህ መልሱን ራስህ ተናገርህ፤ እጅ ያወጡ ሦስት ልጆች ነበሩ» ብላችሁ ጻፉ። የመጀመሪያው ሰውዬውን ያስቀይመዋል። ሁለተኛውን ግን ነገ ጠዋት ክፍል ሲገባ ሊያስተካክለው ይችላል። የቅርብ ጓደኛችሁ ከሆነም አትለፉት፤ ከእርሱ በኋላ የሚማሩት ልጆች ናቸውና።