ከእሳት የተረፈ እበት

በሰሜን ወሎ ገጠር የከብት እበት ሁለት ፈላጊ አለው፤ ምድጃና ማሳ። እንጨት በራቀበት መንደር አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፈው ምድጃው ነው። እበቱ ተጠፍጥፎ ኩበት ይሆናል፣ ይነዳል፣ ናይትሮጅኑም ከጭሱ ጋር ይሄዳል። ገበሬው ደግሞ ከባሕር ማዶ የመጣ ዩሪያ ይገዛል።

ባዮጋዝ ሁለቱን ያስታርቃል። ከመሬት በታች በድንጋይና በሲሚንቶ በሚሠራው ማብላያ ውስጥ ተሕዋስያን እበቱን አብላልተው ሚቴን ያወጣሉ። የሚነደው እሱ ብቻ ነው፤ ናይትሮጅኑ፣ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ በዝቃጩ ውስጥ ይቀራሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በአማራ ክልልም ጭምር ያስፋፋው «ስንዱ» የተባለውን ማብላያ ነው።

በመውጫው በኩል የሚፈሰው ዝቃጭ ጠቆር ያለ፣ እንደ አጥሚት የቀጠነ ነው፤ የትኩስ እበት ሽታ የለውም። ችግሩ ከመቶ ዘጠና እጁ ውኃ መሆኑ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልቶ ወደ ሩቅ ማሳ የሚወስድ ሰው ከ2 ኪሎ የማይበልጥ ደረቅ ነገር ለማድረስ ይደክማል።

ጀርመኖች ይህን የፈቱት በሞተር ሙቀት ነው። ጋዙ ጀነሬተር ሲያንቀሳቅስ ከጉልበቱ 40 በመቶ ያህሉ ኤሌክትሪክ ይሆናል፤ ከቀሪው አብዛኛው ሙቀት ነው። በዚያ ሙቀት ዝቃጩን ያደርቃሉ። አብሮ የሚተነው አሞኒያም አያመልጥም፤ አየሩ በሰልፈሪክ አሲድ ይታጠብና አሞኒየም ሰልፌት የተባለ ሌላ ማዳበሪያ ይገኛል።

በሰሜን ወሎ የሀብሩ ወረዳ ገበሬ ግን ጀነሬተር የለውም። የወረዳው ከተማ የመርሳ ፀሐይ ታደርቅለታለች፣ ግን ዝቃጩ እንዲሁ ከተሰጣ ናይትሮጅኑ በአየር ላይ ይበተናል። ስለዚህ ከመውጫው አጠገብ ሁለት ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ዳስ ይጣልበታል። የተከተፈ የማሽላ አገዳና ጭድ ይነጠፋል፣ ዝቃጩ ይለቀቅበታል፣ እንደገና ጭድ። አንዱ ሲሞላ ሌላው ይጀመራል። ጭዱ ውኃውን ይመጥጣል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ክምሩ ራሱ ይግላል፣ ሲገለበጥም እንፋሎት ይወጣዋል። ይህ ሙቀት ከሞተሩ ጋር አይወዳደርም፤ ነገር ግን ነዳጅም ብረትም ሳይጠይቅ ውኃውን ይቀንሳል።

ወልድያን በመሰለ ከተማ፣ የቄራና የተማሪዎች ምግብ ቤት ትርፍራፊ በአንድ ቦታ በሚከማችበት፣ ጀነሬተር ያለው ማብላያና የማድረቂያ ክፍል አብረው ቢታሰቡ ያዋጣል። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም ሀብሩ ውስጥ ነውና ውጤቱን በማሳ ለመፈተን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ለጓሮ ብርቱካንና ማንጎ ግን ማድረቁም ይቀራል። ዝቃጩ በውኃ ቀጥኖ፣ ፀሐይ ስትበርድ ከግንዱ ራቅ ብሎ በተቀደደ ቦይ ይፈስሳል፤ ወዲያውም አፈር ይለብሳል።