ደብዳቤ አንብቦ መረዳትና ማመልከቻ መጻፍ፦ ሐቅን የመጠበቂያ መንገድ



ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ፣ ለረጅም ዘመን ቡና ሲጠራሩ የኖሩ ጎረቤታሞች ወደተለያየ ሰፈር ሄደዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ማስታወቂያ፣ ደብዳቤና ውል የቤተሰብ ጉዳይ ይሆናሉ። ችግሩ ፊደል የቆጠረ ሁሉ እነዚህን አንብቦ የማይረዳ መሆኑ ነው። መምህር ሳለሁ፣ አንቀጹን ሳይደናቀፍ የሚያነብ ተማሪ «ታዲያ ምን አድርጉ ይላል?» ሲባል ዝም ሲል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

የመረጃ ጽሑፍ እንደ ተረት አይነበብም፤ እየጠየቁ ነው የሚነበብ። አራት ጥያቄዎች ይበቃሉ።

1. ማን ጻፈው? ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ፊርማውንና ማህተሙን ይመልከቱ።

2. ስለ ማን ነው? ለምሳሌ ስለ መሬት ማስለቀቅና ካሳ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 በዋናነት የሚናገረው ስለ መሬት ባለይዞታ ነው። የቀበሌ ቤት ተከራይ ለባለይዞታ የተጻፈውን ለራሱ ከወሰደው የሌለውን ሲጠብቅ ያለውን ሳይጠይቅ ሊቀር ይችላል።

3. አሁንም ይሠራል? ይኸው አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1336/2016 ተሻሽሏል። የፊተኛውን ብቻ ያነበበ ሰው ግማሹን ነው ያነበበው።

4. ምን፣ እስከ መቼ? ቀኑንና ግሱን ያስምሩበት። «ይችላል» እና «አለበት» አንድ አይደሉም።

መጻፉም እንዲሁ ነው። ጥሩ ማመልከቻ ከአንድ ገጽ አያልፍም። ቀን፣ ለማን እንደተጻፈና ጉዳዩ ከላይ ይቀመጣል። ቀጥሎ የሆነው ነገር በቅደም ተከተል፣ ከዚያ ጥያቄው በአንድ ግልጽ ዓረፍተ ነገር፣ በመጨረሻም የተያያዙት ሰነዶች ዝርዝርና ፊርማ ይከተላሉ። ምሬትና ልመና ቢበዛበት ዋናው ጥያቄ ይጠፋል። ሁለት ቅጂ ያዘጋጁ፤ አንዱን መዝገብ ቤት ሲያስገቡ በእጅዎ በሚቀረው ላይ ቁጥርና ቀን ያስጽፉ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው፣ ስለ ዕዳ መጻፍ የሚናገር ነው። የተወሰነ ጊዜ ያለው ዕዳ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ እንዲጻፍ ያዛል፤ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ዕዳው ያለበት ሰው አላህን ፈርቶ ምንም ሳያጎድል እንዲያስጽፍ፣ ምስክርም እንዲኖር። ቃሉን ማስጻፍ ለማይችል ሰውም ኃላፊው እንዲያስጽፍለት ተደርጓል። ስለዚህ ማንበብ የምንችል ለማይችሉት እናቶቻችንና አባቶቻችን አማና አለብን፤ የወረቀቱን ሐሳብ ሳንጨምር፣ ሳንቀንስና ሳንገምት ልንነግራቸው ይገባል።

ዛሬ ማታ ቤት ውስጥ ያለውን የቅርብ ጊዜ ደብዳቤ ያውጡ። ከልጆችዎ ጋር አራቱን ጥያቄዎች ጠይቁና መልሱን በአራት መስመር እንዲጽፉት ያድርጉ። ያልተመለሰው ጥያቄ ነገ ቢሮ ሄደው የሚጠይቁት ነው።