ግማሹ ተማሪ ወደ ቤቱ የማይሄድበት ክፍል

አሜሪካ በሚኖር የሐበሻ ቤት ልጅ ‹‹ክሪሚናል ጀስቲስ ነው የምማረው›› ሲል፣ እናት ቡናውን መቅዳት አቁማ የምትጠይቀው ነገር ብዙም አይለያይም፤ ‹‹ፖሊስ ልትሆን ነው እንዴ?›› ሐኪም ወይም መሐንዲስ ስትጠብቅ ለኖረች እናት ነገሩ ግራ ቢገባት አይፈረድባትም። ደግሞ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም።

ዘርፉ የተወለደው ከፖሊስ ጣቢያ ነው። የካሊፎርኒያዋ በርክሌይ ከተማ የፖሊስ አዛዥ ኦገስት ቮልመር ራሱ ብዙ የቀለም ትምህርት አልነበረውም። ፖሊስ ግን ዩኒቨርሲቲ መግባት አለበት ብሎ አምኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1916 እዚያው ባለው ዩኒቨርሲቲ የክረምት ኮርስ አስጀመረ። በእሱ ሥር ያገለገለው ቪ. ኤ. ሊዮናርድ ደግሞ በ1942 በዋሽንግተን ግዛት አልፋ ፋይ ሲግማን መሠረተ፤ እስከ ዛሬ በዘርፉ ጥሩ ውጤት ያላቸው ተማሪዎች የሚገቡበት የክብር ማኅበር ነው። ከ1968 በኋላ የፌዴራሉ መንግሥት ለፖሊሶች ትምህርት ገንዘብ ሲመድብ የክሪሚናል ጀስቲስ ክፍሎች እንደ አሸን ፈሉ። ዛሬ ተማሪው በኢንተርንሺፕ ፍርድ ቤት፣ ተከላካይ ጠበቆች ቢሮ ወይም አመክሮ ክትትል ክፍል ውስጥ አንድ ሴሚስተር ያሳልፋል፤ ሲመረቅም የግድ ዩኒፎርም አይለብስም።

እኔ ግን ከዚህ ሁሉ ዕድል አንዱን ምረጥ ብባል፣ ፊላዴልፊያ በሚገኘው የቴምፕል ዩኒቨርሲቲ የክሪሚናል ጀስቲስ ክፍል የተጀመረውን ‹‹ኢንሳይድ አውት›› የተባለ ኮርስ እመርጣለሁ። ‹ውስጥና ውጭ› እንደ ማለት ነው።

ይህ ኮርስ ፊላዴልፊያ ላይ መጀመሩ ራሱ ይገርማል። እዚያው ከተማ ውስጥ በ1829 የተከፈተው ኢስተርን ስቴት የተባለ እስር ቤት የተሠራው ሰው እንዳይነጋገር ነበር። እያንዳንዱ እስረኛ ብቻውን፤ ምግቡ በቀዳዳ፤ ብርሃኑ ከጣሪያ በተከፈተች ጠባብ መስኮት። ከክፍሉ ሲወጣ ፊቱን በቆብ ይሸፍኑታል፤ ሌላውን እንዳያይ፣ እሱም እንዳይታወቅ። ዝም ብሎ ንስሐ ይግባ ነው ሐሳቡ፤ ‹ፔኒቴንሸሪ› የሚለው ቃልም ከንስሐ የወጣ ነው። (እኛም ‹ማረሚያ ቤት› እንላለን፤ ስሙ ሁልጊዜ ከግንቡ ይለሰልሳል።) ቻርልስ ዲከንስ በ1842 ጎብኝቶት፣ እንዲህ ያለው ብቸኝነት ከአካል ስቃይ ይብሳል ብሎ ጻፈ። ግንቡ ዛሬ ሙዚየም ነው።

በ1995 ሎሪ ፖምፓ የተባሉ የቴምፕል መምህርት ተማሪዎቻቸውን ይዘው ዳላስ የሚባል ማረሚያ ቤት ሄዱ፤ የቴክሳሱ ዳላስ ሳይሆን በፔንሲልቫኒያ ያለው። እዚያም ተማሪዎቹ ከጥቂት የዕድሜ ልክ እስረኞች ጋር ስለ ወንጀልና ፍትሕ ተወያዩ። ውይይቱ ሲያበቃ ከእስረኞቹ አንዱ፣ ፖል ፔሪ፣ ይህ የአንድ ቀን ነገር ለምን ሙሉ ሴሚስተር አይሆንም አላቸው። መምህርቷ ሐሳቡን ይዘው ወጡ፤ በ1997 የመጀመሪያው ክፍል ተከፈተ። ከዩኒቨርሲቲው መምህራን አእምሮ ያልወጣውን እስረኛው አመጣው ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተማሪዎቹ በየሳምንቱ ወደ ወህኒው ይሄዳሉ። ስልክ ውጭ ይቀራል፤ ፍተሻ አለ፤ ከኋላ እየተዘጋ የሚሄድ የብረት በር አለ። ውስጥ ወንበሮቹ በክብ ተደርድረዋል፤ አንድ ከውጭ የመጣ፣ ከጎኑ አንድ ታራሚ፣ ቀጥሎ ደግሞ ከውጭ። እስረኞቹ በአንድ ወገን፣ ተማሪዎቹ በሌላ ወገን የሚባል አቀማመጥ የለም። በመጀመሪያው ትውውቅ ሁለት ክቦች ፊት ለፊት ይሠራሉ። አስተማሪው አንድ ያላለቀ ዓረፍተ ነገር ይሰጣል፤ ጥንዶቹ በየራሳቸው መንገድ ይጨርሱታል፤ ከዚያ አንደኛው ክብ በአንድ ወንበር ይሻገራል፣ ሌላ ዓረፍተ ነገር፣ ሌላ ሰው። እንዲህ ሲዞሩ በአንዱ ክብ ያለ ሁሉ በሌላው ክብ ካሉት ሁሉ ጋር ያወራል። ከዚያ በኋላ ወደ ከባዱ ይገባሉ፤ ሰው ለምን ያጠፋል? እስር ቤት ለምን ይጠቅማል? የተበደለውስ ሰው? መጽሐፉ አንድ፣ የሚጻፈው ወረቀትም አንድ ነው።

ደንቦቹ ጥብቅ ናቸው። ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ብቻ ነው። ለእኛ ይህ ብርቅ አይደለም፤ ሚኒስትሩንም ዶክተሩንም በራሱ ስም ነው የምንጠራው። እዚያ ግን ሥራ አለው፤ የቤተሰብ ስም ከሌለ ፋይል አይገኝም፣ ጉግልም አይረዳም። ‹‹ምን አድርገህ ነው የታሰርከው?›› ተብሎ አይጠየቅም። ኮርሱ ሲያልቅ ደብዳቤ የለም፣ ስልክ የለም፣ ጥየቃ የለም።

የመጨረሻው ደንብ ጭካኔ ይመስላል። አንድ ሌላ ታሪክ ሳስታውስ ግን ይገባኛል። በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ከመምህራቸውና ከአንድ የግል መርማሪ ጋር ሆነው የአንቶኒ ፖርተርን የሞት ፍርድ መረመሩ፤ ሞት ሊፈጸምበት ሁለት ቀን ቀርቶት የነበረው ፖርተር በ1999 ተፈታ። ጉዳዩ የኢሊኖይ ገዥ በቀጣዩ ዓመት የሞት ቅጣትን እንዲያግዱ ካነሳሷቸው አንዱ ሆነ። ከዚህ የሚበልጥ የተማሪ ስኬት ከየት ይመጣል? ነገር ግን በፖርተር ምትክ ጥፋቱን አምኖ የታሰረው ሰውዬ ደግሞ በ2014 ተለቀቀ፤ ዐቃቤ ሕጓ መርማሪው ቃሉን የተቀበለበትን መንገድ ክፉኛ ተቹ። የቴምፕሉ ኮርስ ግንኙነቱን በክፍሉ የሚወስነው እንዲህ ያለው ነገር እንዳይመጣ ይመስለኛል፤ ማንንም ነጻ ላውጣ አይልም። ተማሪው የመጣው አዳኝ ሆኖ አይደለም፤ አጥኚም አይደለም፤ ተማሪ ነው።

በ2002 ኮርሱ ከፊላዴልፊያ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወደነበረው ግሬተርፎርድ ማረሚያ ቤት ገባ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ተሳታፊዎቹ አልበተን አሉ። ታራሚዎቹና ከውጭ የሚመጡት መሰብሰባቸውን ቀጠሉ፤ ከ2004 ጀምሮ ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የሚመጡ መምህራን ሲሠለጥኑ፣ ከአሠልጣኞቹ መካከል እነዚሁ ታራሚዎች ነበሩ። ፕሮፌሰሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከዕድሜ ልክ እስረኛ ክፍል እንዴት እንደሚመራ ይማራል! ኮርሱ ወደ ካናዳ ተሻገረ፤ በ2014 እንግሊዝ ውስጥ ደርሃም ዩኒቨርሲቲ ጀመረው።

እዚህ ላይ አንድ የሕግ ልዩነት ማወቅ ያስፈልጋል። በእኛ የወንጀል ሕግ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው 20 ዓመት ከታሰረ በኋላ ጠባዩ ከታረመ አመክሮ ሊያገኝ ይችላል። ግሬተርፎርድ ውስጥ ክቡን የሠሩት የዕድሜ ልክ እስረኞች ግን የአመክሮ ቀን የላቸውም ነበር፤ ዋና ተስፋቸው የገዥው ምሕረት ነበር። ለሥራ ማመልከቻ የማይጠቅማቸውን ወረቀት አርመው፣ ደግመው ጽፈው ያመጡ ነበር።

የመጨረሻው ቀን የምርቃት ዝግጅት አለ። ስም ይጠራል፣ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፣ ከሁለቱም ወገን ንግግር ይደረጋል። ከዚያ ጠባቂው ሰዓት ደረሰ ይላል። ግማሹ ክፍል የምስክር ወረቀቱን እንደያዘ በመጣበት በር ወጥቶ ስልኩን ይቀበላል፤ ግማሹም የራሱን ይዞ ለቆጠራ ይመለሳል።