የገና ካርድ ላይ ያለው ዛፍ

የገና ካርድ ላይ ያለውን ዛፍ ሁላችንም ጥድ ነው የምንለው። የኛ ጥድ ግን አይደለም እኮ! ስሙ ስፕሩስ ነው፤ ኖርዌይና ስዊድን በብዛት ይበቅላል። የሀበሻ ጥድ ፍሬ ትንሽና ድብልብል ነው፤ የስፕሩስ ግን ረዘም ብሎ ወደ ታች ይንጠለጠላል። እንጨቱ ለቤት፣ ለወረቀት፣ ለቫዮሊን ፊት ሳይቀር ያገለግላል። እኔን በጣም የገረመኝ ስዊድን ያለው አንድ ዛፍ ነው፤ ግንዱ ቀጭን፣ ሥሩ ግን 9,500 ዓመት ገደማ! ግንዱ ሲሞት ከዚያው ሥር ሌላ ይተካል። የኛ ጥድ ከተቆረጠ እንደ ባሕር ዛፍ አያቆጠቁጥም። አውሮፓ ውስጥ ለገና የሚቆረጠው አብዛኛው ለዚሁ ተብሎ የተተከለ ነው። እኛ ግቢ ያሉት ጥዶች ሦስት ናቸው፤ የሁለቱ ጫፍ ለገና ተቆርጧል።