ከቤት የመውጣት ምክንያት ሲጠፋ፦ የኮሮና ዘመን ርቀትና የአረጋውያን እንቅስቃሴ

በስምጥ ሸለቆ በሚገኙት የኦሮሚያ ከተሞች፣ በአዳማም ሆነ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው አስፋልት ላይ በምትገኘው በደራ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ሰውነታቸውን የሚያንቀሳቅሱት በአብዛኛው ስፖርት ለመሥራት ብለው አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም፣ መስጊድ ለመስገድ፣ ገበያ ለመውጣት፣ ለቅሶ ለመድረስ፣ የታመመ ለመጠየቅና በዕድር ስብሰባ ላይ ለመገኘት የሚደረገው የእግር ጉዞ ሲደመር የጤና ባለሙያዎች ለአንድ ሳምንት ይበቃል ከሚሉት የእንቅስቃሴ መጠን ሊስተካከል፣ አንዳንዴም ሊበልጥ ይችላል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ቫይረስ ወረርሽኝ ሲገባና ሰዎች ተራርቀው እንዲኖሩ ሲታዘዝ፣ እነዚህ ሰዎች ያጡት የስፖርት ማዘውተሪያ ሳይሆን ከቤት የሚያስወጣቸውን ምክንያት ነበር። ይህ ልዩነት በሚገባ ካልተጤነ በወረርሽኝ ጊዜ ለአረጋውያን የሚሰጠው ምክር ከኑሯቸው ጋር ሳይገናኝ ይቀራል።

ነገሩን ለመረዳት በቅድሚያ ሁለት ጽንሰ ሐሳቦችን መለየት ይጠቅማል። አካላዊ እንቅስቃሴ የሚባለው ጡንቻ ተኮማትሮ ጉልበት የሚያስወጣበት ማናቸውም ድርጊት ሲሆን፣ ውኃ መቅዳት፣ ማረስ፣ ልብስ ማጠብና መንገድ መሄድ ሁሉ በዚህ ሥር ይጠቃለላሉ። የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ደግሞ ከዚህ ውስጥ አንዱ ክፍል ሆኖ፣ ሰው ብቃቱን ለመጠበቅ ወይም ለማሻሻል አስቦና አቅዶ እየደጋገመ የሚሠራው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 በሆኑ ሰዎች ላይ የተደረገው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች መንስኤዎች ብሔራዊ ጥናት፣ በቂ እንቅስቃሴ የማያደርጉት 6 በመቶ ገደማ ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል። ይህ የሆነው ሕዝቡ ስፖርት አዘውታሪ ስለሆነ ሳይሆን ሥራውና መንገዱ እንቅስቃሴ ስለሆኑ ነው። አርሲ ኃይሌ ገብረሥላሴን፣ ደራርቱ ቱሉንና ቀነኒሳ በቀለን ለዓለም ያበረከተ ምድር ቢሆንም፣ የአካባቢው አብዛኛው አረጋዊ ጤናውን የጠበቀው በሩጫ ልምምድ ሳይሆን በዕለት ተዕለት ኑሮው ነው።

የመጋቢት 2012 ለውጥ

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ በሰየመ በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ተጠቂ መገኘቱ ተገለጸ። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ የስፖርት ውድድሮችና ትልልቅ ስብሰባዎችም ተከለከሉ። በዚያው ወር አዳማን ጨምሮ በኦሮሚያ ከተሞች የሕዝብ ማመላለሻ ጉዞ ተገደበ፤ መጋቢት 30 ቀን ደግሞ ለአምስት ወራት የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁን ተከትለው የወጡት ድንጋጌዎች ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብንና በእጅ መጨባበጥን ሲከለክሉ፣ አካላዊ ርቀት መጠበቅን፣ ማለትም ሰው ከሰው በሁለት የአዋቂ እርምጃ ያህል ተራርቆ መቆምን ግዴታ አደረጉ።

ኢትዮጵያ እንደ አንዳንድ አገሮች ሰውን ሁሉ በቤቱ አልዘጋችም። የዕለት ጉርሱን በዕለት ሥራው የሚያገኘው ሕዝብ ብዙ ስለሆነ ባጃጁም፣ ጋሪውም፣ ጉልቱም ሙሉ በሙሉ አልቆመም። ሸክም የሚያነሳውና እርሻ የሚያርሰው ሰው እንቅስቃሴው ብዙም ላይቀንስ ይችላል። በሽታው ይበልጥ የሚያሰጋቸው አረጋውያንና የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ግን ከሌላው በተለየ ከቤት እንዳይወጡ ተመከሩ። ምክሩ ከቫይረሱ ለመጠበቅ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን እንቅስቃሴ እንደ መድኃኒት የሚያስፈልጋቸውም እነዚሁ ሰዎች መሆናቸው አጣብቂኝ ፈጠረ።

ጊዜውም ጫናውን አክብዶታል። ወረርሽኙ የገባው በዐቢይ ጾም መካከል በመሆኑ ማለዳና ከሰዓት በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያስኬደው፣ በስግደትም ወገብን፣ ጉልበትንና ጭንን የሚያሠራው ወቅት ተቋረጠ። የስቅለትና የትንሣኤ በዓላትን አብዛኛው ምእመን በቤቱ ሆኖ እንዲያከብር ተጠየቀ፤ ከትንሣኤው ጥቂት ቀናት በኋላ የገባው ረመዳንም የተራዊህ ሶላት በጀማዓ የማይሰገድበት ሆኖ አለፈ። በእርግጥ ስግደቱንም ሶላቱንም በቤት ማድረስ ይቻላል። በቤት የማይተካው ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድና በደጁ የሚጠብቀው ወዳጅ ነው። በአዲስ አበባም ከኅዳር 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በወሩ አንድ እሑድ ዋና ዋና መንገዶችን ለተሽከርካሪ እየዘጉ ለእግረኛና ለማስ ስፖርት ክፍት የማድረጉ ልማድ፣ ሰው መሰብሰብ በመከልከሉ ሊቀጥል አልቻለም። የኅዳሩ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያም ተላልፎ በጥር 2013 ዓ.ም. ተካሄደ።

በሌላው ዓለም የተለካው

የእንቅስቃሴው መቀነስ በቁጥር የተመዘገበው በስልክ የእርምጃ መቁጠሪያ አማካኝነት ነው። በ187 አገሮች ከ455 ሺህ በላይ ተጠቃሚዎችን መረጃ የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት፣ ወረርሽኙ በታወጀ በ30 ቀናት ውስጥ የሰዎች አማካይ የቀን እርምጃ በ27 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። ጥብቅ የቤት መቀመጥ ትእዛዝ በወጣባት በጣሊያን ቅነሳው እስከ 49 በመቶ ሲደርስ፣ ቀለል ያለ መንገድ በመረጠችው በስዊድን 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ሆኖም እርምጃ የሚቆጥር ስልክ በኪሱ የያዘ ሰው የደራን አረጋዊ ሊወክል ስለማይችል፣ ወደዚህ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው በጃፓን በአረጋውያን ላይ የተደረገው ጥናት ነው።

በዚያ ጥናት 1,600 የሚሆኑ አረጋውያን በሳምንት የሚንቀሳቀሱበት ጊዜ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ከነበረበት 245 ደቂቃ በኤፕሪል ወደ 180 ደቂቃ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ይበልጥ ትኩረት የሚስበው ግን ቀጥሎ የታየው ነው። የመጀመሪያው የወረርሽኝ ማዕበል ካለፈ በኋላ የብዙዎቹ እንቅስቃሴ ወደ ቀድሞው መጠን ሲመለስ፣ ብቻቸውን የሚኖሩትና ከማኅበራዊ ሕይወት የራቁት አረጋውያን ግን ሊመለሱ አልቻሉም። አረጋዊን ከመቀመጫው የሚያነሳው አንዱ ትልቅ ኃይል የሚጠብቀው ሰው መኖሩ እንደሆነ ይህ ውጤት በግልጽ ያመለክታል።

ጡንቻ ሥራ ሲያጣ

ጡንቻ በየቀኑ የሚፈርስና በየቀኑ የሚሠራ አካል ነው። ከምግብ የሚገኘው ፕሮቲንና ጡንቻው ሲኮማተር የሚፈጠረው ጫና ግንባታውን ያነቃቃሉ። ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት ለእነዚህ ሁለት ቀስቃሾች የሚሰጠው ምላሽ እየደከመ ስለሚሄድ፣ ወጣት በቀላሉ የሚመልሰውን ጡንቻ አረጋዊ ለመመለስ ብዙ ይደክማል። ከዕድሜ ጋር የሚመጣው ይህ የጡንቻ መጠንና ኃይል መመናመን በሕክምናው ሳርኮፔኒያ ይባላል።

ጉዳቱ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ ከወረርሽኙ በፊት የተደረጉ ሙከራዎች አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት ጤነኛ አረጋውያን ለ10 ቀናት ከአልጋ ሳይወርዱ ሲቆዩ ከእግሮቻቸው ብቻ 1 ኪሎ ግራም ገደማ ሥጋ አጥተዋል። አልጋ ላይ ከመዋል እጅግ በቀለለ ሁኔታም ቢሆን ጉዳቱ አይቀርም፤ በ70ዎቹ ዕድሜ ውስጥ የሚገኙ ጤነኛ ሰዎች ለሁለት ሳምንት የቀን እርምጃቸውን ወደ 1,400 ገደማ ዝቅ እንዲያደርጉ በተደረገበትና እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት፣ የእግራቸው ጡንቻ በ4 በመቶ ገደማ ቀንሶ፣ ሰውነታቸው ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ደግሞ በ43 በመቶ ወርዶ ተገኝቷል። እነዚህ ሰዎች አልጋ ላይ አልዋሉም፤ በቤታቸው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያሉ ነበር። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወቅት ከግቢያቸው ሳይወጡ የከረሙ አረጋውያን ሁኔታም ከዚህ ብዙ የሚርቅ አይደለም።

የኢንሱሊኑ ነገር በተለይ ለስኳር ሕመምተኞች ከባድ ትርጉም አለው። ከምግብ በኋላ በደም ውስጥ የሚከማቸውን ስኳር በብዛት ከሚወስዱት አካላት አንዱ ጡንቻ ሲሆን፣ እንቅስቃሴ ላይ ያለ ጡንቻ ኢንሱሊን ባይታዘዝለትም እንኳ ስኳርን ከደም መሳብ ይችላል። ስለዚህ ከምግብ በኋላ ለጥቂት ደቂቃዎች መራመድ የስኳሩን ከፍታ ይቀንሳል። የተቀመጠ ሰው ይህን የሰውነቱን ሁለተኛ በር ይዘጋል። በዚህ ላይ የጭንና የዳሌ ጡንቻ ሲደክም ሚዛን ይናጋል፤ አጥንቱ የሳሳ ሰው በሚዛን መናጋት ሲወድቅ ደግሞ የዳሌ ስብራት ሊከተል ይችላል።

እንቅስቃሴ ከራሱ ከኮቪድ ጋር ያለው ዝምድናም ተጠንቷል። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ በ48,440 ታማሚዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ምርመራ፣ ከወረርሽኙ በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት በቋሚነት እንቅስቃሴ የማያደርጉ ከነበሩት መካከል በበሽታው የመሞት ዕድሉ፣ በሳምንት 150 ደቂቃና ከዚያ በላይ ከሚንቀሳቀሱት ጋር ሲነጻጸር በ2.5 እጥፍ ገደማ ከፍ ያለ እንደነበር ገልጿል። ይህ ዓይነቱ ጥናት አብሮ መታየትን እንጂ ምክንያትና ውጤትን በማያዳግም ሁኔታ አያረጋግጥም፤ ቀድሞ የታመመ ሰው የማይንቀሳቀሰው በሕመሙ የተነሳ ሊሆን ይችላልና። ቢሆንም ተመራማሪዎቹ ዕድሜንና ነባር በሽታዎችን ከሒሳብ ካስገቡ በኋላም ልዩነቱ ጸንቶ መቆየቱ ጉዳዩን ችላ የማይባል ያደርገዋል።

በግቢ ውስጥ የሚቻለው

የዓለም ጤና ድርጅት በኅዳር 2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ጫና ያለው እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ በሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠሩ ይመክራል። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን ሚዛንንና ጉልበትን አንድ ላይ የሚያሠራ እንቅስቃሴ ሊጨምሩ ይገባል። መካከለኛ ጫና ማለት ሰው እየተነፈሰ ማውራት የሚችልበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅተው ደረጃ ነው። መመሪያው ካመጣቸው ለውጦች አንዱ አንድ እንቅስቃሴ እንዲቆጠር ቢያንስ 10 ደቂቃ መቆየት አለበት የሚለውን የቀድሞ ደንብ ማንሳቱ ሲሆን፣ በዚህ መሠረት በግቢ ውስጥ የሚደረግ የአምስት ደቂቃ ጉዞም ይቆጠራል።

ለእግር ጉልበት ከሁሉ የሚቀለው ልምምድ ከወንበር መነሳትና መልሶ መቀመጥ ነው። ይኸው ልምምድ ለመለኪያም ያገለግላል፦ ሰውየው ከግድግዳ ጋር በተጠጋ ወንበር ላይ ሆኖ እጆቹን በደረቱ ላይ አጣምሮ በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚነሳ ይቆጠራል። ከ65 እስከ 69 ዓመት ላለ ወንድ ከ12፣ ለሴት ደግሞ ከ11 በታች ከሆነ የእግሩ ጉልበት ለዕድሜው ከሚጠበቀው በታች ነው፤ የመውደቅ ስጋትም አለበት። ለሚዛን ግድግዳ ወይም የበር መቃን ይዞ በአንድ እግር መቆም፣ ለክንድ ደግሞ በግማሽ ውኃ የተሞላ ጀሪካን ማንሳት ይበቃል። የቡና ሥርዓት ለረጅም ጊዜ ማስቀመጡ ቢታወቅም በአቦልና በቶና፣ በቶናና በበረካ መካከል ተነስቶ ግቢውን መዞር መቀመጡን ይሰብረዋል።

የስምጥ ሸለቆው ሙቀትም መታሰብ አለበት። አዋጁ የታወጀው በአዳማና በዙሪያዋ ሙቀቱ በሚበረታበት የበልግ ወራት ነበር። አረጋዊ ሰው ጥማት ቶሎ ስለማይሰማውና ሰውነቱ ሙቀትን የማስወጣት አቅሙ ስለሚቀንስ፣ ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢንቀሳቀስና ሳይጠማው ውኃ ቢጠጣ ይመረጣል። በጾም ወራት እንደ ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ያሉ ጥራጥሬዎች ለጡንቻ ግንባታ የሚያስፈልገውን ፕሮቲን ያስገኛሉ። ደረቱን የሚያስጨንቀው፣ ራሱን የሚያዞረው ወይም ያልተለመደ ትንፋሽ ማጠር የሚሰማው ሰው ግን እንቅስቃሴውን አቁሞ ወደ ጤና ተቋም ሊሄድ ይገባል።

ለሚቀጥለው ጊዜ

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ሳይራዘም ቀረ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ የጤና አደጋነት ማብቃቱን አስታወቀ። ሌላ ወረርሽኝ መምጣቱ እንደማይቀር ግን የዘርፉ ባለሙያዎች ይስማማሉ። በዚያን ጊዜ ለደራ አረጋዊ “ከቤት አይውጡ” ብሎ መተው ከአንዱ በሽታ እያዳኑ ለሌላው አሳልፎ መስጠት ይሆናል፤ “በቤትዎ ስፖርት ይሥሩ” ማለት ብቻም በሕይወቱ ስፖርት ብሎ ሠርቶ ለማያውቅ ሰው እምብዛም አይረዳም።

የሚረዳው ከቤት የሚያስወጣውን ምክንያት በሌላ መልክ መመለስ ነው። ቤት ለቤት የሚሄዱት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የእጅ መታጠብን ሲያስተምሩ ከወንበር የመነሳቱን ልምምድም አብረው ሊያሳዩ፣ በሚቀጥለው ጉብኝታቸውም ቁጥሩን ሊጠይቁ ይችላሉ። ዕድሮች አባሎቻቸውን በስም ስለሚያውቁ፣ ብቻቸውን የሚኖሩትን ለይተው በየማለዳው በሩ ላይ ርቀቱን ጠብቆ የሚጠራቸውና አብሯቸው ጥቂት የሚራመድ ጎረቤት ሊመድቡ ይችላሉ። ልጆችም ለእናትና ለአባታቸው አስቤዛውን ሁሉ ሲያቀርቡ፣ ወላጆቹ በራሳቸው ጉልበት ሊሠሩት የሚችሉትን ሥራ አብረው እንዳይነጥቋቸው ማሰብ አለባቸው። ርቀት ቫይረሱን ይገታል፤ አረጋዊውን በእግሩ የሚያቆመው ግን ከርቀትም ቢሆን የሚጠብቀው ሰውና የሚሠራው ሥራ መኖሩ ነው። ለሁለቱም የሚደረገው ዝግጅት እኩል ክብደት ሊሰጠው ይገባል።