ክረምት በመጣ ቁጥር የሚፈርሰው ቡድን



በጎንደር የሰኔ ወር ሲገባ ሁለት ነገር አብሮ ይገባል። አንደኛው ዝናቡ ሲሆን ሁለተኛው «እገሌ ሊሄድ ነው፣ እገሌም አልፈረመም» የሚለው ወሬ ነው። በአገራችን የእግር ኳስ ተጫዋቾች ውል በአብዛኛው የሚያበቃው ሰኔ 30 ቀን በመሆኑ፣ ከዚያች ዕለት በኋላ ያሉት ሳምንታት ለፋሲል ከነማ ደጋፊ የጭንቅ ሳምንታት ናቸው። የዳባትና የወገራ ገበሬ ለዘሩ ሰማይ ሰማዩን ሲያይ የከተማው ወጣት ስልክ ስልኩን ያያል።

ስለ ኳስ በዚህ ገጽ መጻፋችንን የማይወዱ ወላጆች ይኖሩ ይሆናል። ነገሩ ግን በየቤታችን የገባ ነው። በሙያችን መምህር እንደመሆናችን ሰኞ ጧት ክፍል ገብተን የተማሪዎቹን ፊት ስናይ ፋሲል ማሸነፉን ወይም መሸነፉን ሳንጠይቅ እናውቃለን። ሽንፈቱን እንኳ በሳምንቱ ይረሱታል። የማይረሱት፣ የሚወዱት ተጫዋች ያለ አንዳች ማብራሪያ መሄዱንና በእርሱ ምትክ የመጣው ደግሞ ዓመቱን በተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ መጨረሱን ነው።

ይህን ብሶት ከማንም በላይ የሚያውቁ አንድ ሰው በአዲስ ዓለም ሠፈር አሉ። ልብስ ሰፊ ናቸው። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለጠየቁን ጋሼ እያልን እንቀጥላለን፤ የሠፈሩ ልጆችም የሚጠሯቸው እንደዚሁ ነው። ጋሼ ፋሲልን መደገፍ የጀመሩት ቡድኑ በታችኛው ሊግ ሲንከራተት በነበረበት ዘመን ነው። በ2008 ዓ.ም. ፋሲል ወደ ፕሪሚየር ሊግ ሲያድግ፣ በዚያው ዓመት በዚያው ከተማ ይጫወት የነበረው ዳሸን ቢራ ከሊጉ ወረደ። ከዚያ ወዲህ የጎንደር ደጋፊ ልብ ለሁለት መከፈሉ ቀረ፤ ሁሉም በ«አፄዎቹ» ላይ ተጠቃለለ።

ከጋሼ ሥራዎች አንዱ በልጆች ማልያ ጀርባ ላይ የተጫዋች ስም መለጠፍ ነው። (በማልያው ላይ የቢራ ፋብሪካ ስም መኖሩ አንዳንድ ወላጆችን ቅር እንደሚያሰኝ እናውቃለን። ጋሼም ለሚጠይቃቸው ልጅ በላዩ ላይ ጨርቅ ይሰፉለታል፤ ይህ ግን የዛሬው ርእሳችን አይደለም።) ታዲያ ክረምት በመጣ ቁጥር ያ ሁሉ ልጅ ማልያውን ይዞ ተመልሶ ይመጣል፤ ስሙን ንቀሉልኝ ይላቸዋል። ስም መለጠፍ ቀላል ነው፣ ስም መንቀል ግን ጨርቁን ይጎዳዋል ይላሉ ጋሼ። በመጨረሻ ሰልችቷቸው ቁጥር ብቻ እንጂ ስም አልለጥፍም ብለው አረፉ።

ለመሆኑ ነገሩ እዚህ የደረሰው እንዴት ነው?

ደጋፊው ይህን ያህል ቢቆረቆር የሚያስገርም አይደለም፤ ብዙ ነገር ከእጁ አምልጦታልና። በ2011 ዓ.ም. ፋሲል እስከ መጨረሻው ዕለት ለዋንጫ ሲፎካከር ቆይቶ ዋንጫው ወደ መቐለ 70 እንደርታ ሄደ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ዋንጫን በማንሳቱ ለአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ በቅቶ፣ የታንዛንያውን አዛምን ባሕር ዳር ላይ 1 ለ 0 ቢረታም በመልሱ 3 ለ 1 ተሸንፎ ወጣ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ሊጉን እየመራ ሳለ በኮሮና ምክንያት ውድድሩ ተሰረዘ። ትዕግሥት የሚለውን ቃል ለልጆች ለማስረዳት የፋሲል ደጋፊ ከመሆን የተሻለ ምሳሌ አልነበረንም።

ከዚያ 2013 መጣ። በአሰልጣኝ ስዩም ከበደ የሚመራው ቡድን ጨዋታዎች እየቀሩት የሊጉ ሻምፒዮን መሆኑን አረጋገጠ፤ ለክለቡ የመጀመሪያው ነበር። የዚያን ዓመት ቡድን ጋሼ እስከ ዛሬ በቃላቸው ይጠሩታል። በግብ ማሊያዊው ሚኬል ሳማኬ፣ በተከላካይ አምበሉ ያሬድ ባየህ፣ በመሐል ሱራፌል ዳኛቸውና ሀብታሙ ተከስተ፣ በክንፍ ሽመክት ጉግሳ፣ በአጥቂ ሙጂብ ቃሲም። ስሞቹን ሲጠሩ ልክ የልጆቻቸውን ስም የሚጠሩ ይመስላል።

እዚህ ላይ ግን ጋሼ ሁልጊዜ ትክክል ናቸው ማለታችን አይደለም። ሙጂብ ቃሲም ቀድሞ የሚታወቀው በተከላካይነት ነበር። ፋሲል አጥቂ አድርጎ ሲያሰልፈው ጋሼ አንድ ወር ሙሉ ተቆጥተዋል። በር የሚዘጋ ሰው በር እንዲሰብር ይላካልን እያሉ ሱቃቸው ለመጣ ሁሉ ይከራከሩ እንደነበር ራሳቸው አጫውተውናል። ሙጂብ ግን በ2013 ብቻ 20 ግቦችን አስቆጠረ። ኮከብ ግብ አግቢ ያልሆነውም የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር በዚያው ዓመት 29 በማግባት የሊጉን ክብረ ወሰን ስለሰበረ ነው። እንግዲህ አሰልጣኝ በልምምድ ሜዳ የሚያየው ደጋፊ በጨዋታ ቀን የማያየው ነገር አለ። ይህን ጋሼም አይክዱም፤ ተሳሳትኩ የምትለዋን ቃል ግን ገና አልሰማናቸውም።

ከድሉ በኋላ የሆነው ነው ብሶቱን ያበዛው። ሙጂብ በ2013 ክረምት ወደ አልጀሪያው ጄኤስ ካቢሊ ሄደ። በውጭ አገር የተሻለ እንጀራ ያገኘን ወንድም ማን ይወቅሰዋል? ሪዝቁን ፍለጋ የወጣ ነው። በ2010 ከጅማ አባ ጅፋር ጋር የሊጉን ዋንጫና የኮከብ ግብ አግቢነቱን ክብር ያገኘው ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ መጣ፤ ደጋፊውም ተስፋ አደረገ። በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ከሱዳኑ አል ሂላል ጋር ባሕር ዳር ላይ 2 ለ 2፣ ኦምዱርማን ላይ 1 ለ 1 ወጥቶ፣ ከሜዳ ውጭ በተቆጠሩ ግቦች ስሌት ተሰናበተ። ሁለቱንም ጨዋታ ሳይሸነፉ መውደቅ! በዓመቱ መካከል ስዩም ከበደ ተሰናብተው ኃይሉ ነጋሽ ቡድኑን ያዙ። ሻምፒዮን ያደረገን ሰው በዓመቱ እንዴት ይሸኛል ያለው ደጋፊ ብዙ ነበር። ቡድኑ ግን ከዚያ በኋላ ተነቃቅቶ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር እስከ መጨረሻው ዕለት ተናንቆ ሁለተኛ ሆነ። ስለዚህ ውሳኔው ስሕተት ነበር ብሎ ለመማል እኛ አንደፍርም።

የማይደፈረው የያሬድ ባየህ ጉዳይ ነው። አምበሉ በ2014 ክረምት ወደ ባሕር ዳር ከነማ ተሻገረ። በጎንደርና በባሕር ዳር መካከል ያለውን የኳስ እልህ ለሚያውቅ ሰው ይህ ማብራሪያ አያሻውም። በሚቀጥለው ዓመት ባሕር ዳር የሊጉ ሁለተኛ ሆኖ ለአፍሪካ ውድድር በቃ፤ ፋሲል ከዋንጫው ፉክክር ርቆ ቀረ። ሙጂብም ከአልጀሪያ ተመልሶ በ2015 የሀዋሳ ከተማን ማልያ ለበሰ። ጋሼ ስም አልለጥፍም ያሉት በዚያ ክረምት ነው። ባለቤታቸው ሲያጫውቱን፣ ቤታችን ለቅሶ የተቀመጥን ይመስል ነበር፤ ሌላው ቀርቶ ለቤቱ የሚያወጡትን ወጪ እንኳ ሳይቆጥሩ ሰጥተውኛል አሉን።

ነገሩን በክፉ ሰው ማሳበብ ይቀላል። እኛ ግን ሥሩ ሌላ ቦታ ነው እንላለን። የአገራችን ክለቦች ተጫዋችን የሚያስፈርሙት ባብዛኛው ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ነው። ውሉ ሲያልቅ ተጫዋቹ በነጻ ይሄዳል፤ ያሳደገውም ሆነ ያሠለጠነው ክለብ የዝውውር ክፍያ አያገኝም። ሲቀጥል የተሻለ የፊርማ ገንዘብ ያቀረበ ይወስደዋል። በ2011 ክረምት ወርሃዊ ደመወዝ ከብር 50,000 እንዳያልፍ ጣሪያ ሲወጣ ብዙዎቻችን ነገሩ ይሰክናል ብለን ነበር፤ የክረምቱ ገበያ ግን አልቀዘቀዘም። በዚህ ላይ አሰልጣኝ ሲለወጥ ቡድንም ይለወጣል፤ አዲሱ የሚያውቃቸውን ልጆች ይዞ ይመጣልና። በፋሲል ከ2011 እስከ 2016 ባለው ጊዜ የአሰልጣኙ ወንበር ከውበቱ አባተ ወደ ስዩም ከበደ፣ ከዚያ ወደ ኃይሉ ነጋሽ እያለ ዞሮ ዞሮ ተመልሶ ውበቱ አባተ ዘንድ ደረሰ። ከአንድ መምህር ወደ ሌላ በየሴሚስተሩ የሚተላለፍ ክፍል ምን እንደሚመስል እኛ እናውቃለን።

አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ ምናልባት ከሁሉ የከበደው እርሱ ነው። ቀድሞ ደጋፊው ቅሬታ ሲኖረው ወደ ፋሲለደስ ስታዲየም ይሄድ ነበር። ያልወደደውን በጩኸት ይናገራል፣ የወደደውን ያጨበጭባል፣ የክለቡ ሰዎችም እዚያው ተቀምጠው ይሰሙታል። ከ2013 ጀምሮ ግን ሊጉ በተከታታይ ዓመታት የተካሄደው በተመረጡ ጥቂት ከተሞች ነው፤ በሀዋሳ፣ በአዳማ፣ በድሬዳዋ፣ በባሕር ዳር፣ በጅማ። ከጎንደር ሀዋሳ ድረስ መንገዱ ከሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስንት ልብስ ሰፊ፣ ስንት ተማሪ ያን ይችላል? የክለቡ የመጀመሪያ የሊግ ዋንጫ እንኳ የተገኘው የጎንደር ሕዝብ በሌለበት፣ ሀዋሳ ላይ ነው። ደጋፊው ቡድኑን የሚያየው በሻይ ቤት ቴሌቪዥን ሆነ። ለቴሌቪዥን ቢጮኹበት አይሰማም። ሜዳውም ጨዋታውም ከከተማው ሲርቁ ለደጋፊው የቀረለት የተጫዋቾቹ ስም ነበር፤ ክረምቱ እርሱንም ወሰደበት።

በዚህ መካከል የተረሱት የራሳችን ልጆች ናቸው። ከደባርቅ የመጡ አንድ እህል ነጋዴ አባት ስለ ልጃቸው ሊያማክሩን መጥተው ነበር። ልጁ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ በዚያ ብርድና ዳገት ያደገ፣ ትንፋሽ የማያጥረው፣ ግራ እግሩ ጥሩ የሆነ። ወደ አንድ ቡድን ለሙከራ ሄዶ፣ የምንፈልገው ልምድ ያለው ነው ተብሎ ተመለሰ። ልምድ ከየት ያምጣ? ይህም ሆኖ ልጁ ትምህርቱን አቋርጦ አዲስ አበባ ሄዶ ሊሞክር ቆርጧል። አባቱ መምታትም መፍቀድም አልፈለጉም። ልጁን አስቀርበን፣ በሊጉ ካሉት ክለቦች ሁሉ ከታዳጊ ቡድን አድጎ በዚያው ክለብ ቋሚ ተሰላፊ የሆነ ጥራልን አልነው። ሁለት ስም ጠርቶ ቆመ። ለረጅም ጊዜ አሰበ፤ ሦስተኛ አላገኘም። በል እንግዲህ ፈተናህን ተፈተንና ከዚያ እንነጋገር አልነው።

በስፔን አገር አትሌቲክ ቢልባዎ የሚባል ክለብ አለ። ከባስክ ምድር ከተወለዱ ወይም በዚያ ካደጉ ልጆች በቀር አያሰልፍም፤ ሆኖም ከአንደኛው ሊግ ወርዶ አያውቅም፤ በ2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የንጉሡን ዋንጫ አንሥቷል። ጎንደርም እንደዚያ ታድርግ አንልም። ተጫዋችን በትውልድ ቦታው መምረጥ በአገራችን ወዴት እንደሚወስድ ማንም አያጣውም፤ ከማሊ የመጣው ሳማኬም በ2013 ከማንም ያላነሰ የጎንደር ሰው ነበር። ነገር ግን በየክረምቱ ከሚፈርሙት መካከል ሁለቱን ቦታ ለደባርቅና ለዳባት፣ ለአዘዞና ለአራዳ ልጆች መተው፣ ያውም ለወንበር ማሟያ ሳይሆን እንዲጫወቱ፣ ገንዘብ የሚፈጅ ነገር አይደለም። የሜዳ ልጅ በሌላ ክለብ ፊርማ ቶሎ አይታለልም።

ለደጋፊ ወጣቶችም የምንለው አለን። ባለፉት ዓመታት የሄደን ተጫዋች በስድብ የሸኛችሁ፣ እናቱን ሳይቀር ያነሣችሁ ነበራችሁ። ትናንት ስሙን በጀርባችሁ ተሸክማችሁ ዞራችኋል እኮ! ሄደ እንጂ አልሰረቀም። ሀሜትና ስድብ በሜዳ ስለሆነ ሐላል አይሆንም። ሁለተኛም፣ በዝውውር ወሬ ሌሊቱን አንግቶ ሱብሕ ያለፈው ልጅ ጧት ክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ ዝም ብለን የምናየው አይምሰላችሁ።

ጋሼን ክለቡን ብታገኙት ምን ትጠይቁታላችሁ አልናቸው። ብዙ ይጠይቃሉ ብለን ነበር፤ ሰባት ዓመት ያጠራቀሙት አለና። የጠየቁት ግን አንድ ነገር ብቻ ሆነ። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ደጋፊውን ሰብስበው ማን እንደሚቆይ፣ ማን እንደሚሄድ፣ ለምን እንደሚሄድ በአፋቸው ይንገሩን፤ መልሱ መጥፎም ቢሆን ከእነርሱ እንስማው አሉ። ቦታ የለም እንዳይሉ ሱቃቸውን ባዶ አድርገው እንደሚሰጡ፣ ወንበሩን ከጎረቤት እንደሚለምኑ፣ ሻዩም በእርሳቸው ወጪ እንደሆነ አስጻፉን። ስብሰባው ግን ከዐስር ሶላት በኋላ ይሁን ብለዋል።